ከተሰረዘ በኋላም የሚጠራ ፓኬጅ፦ ክላየንቶች የሌለ ነገር ለምን ይጠይቃሉ?

ጉዳዩ ኮንፊገሬሽን ማናጀርን ይመለከታል፤ ይህም የመሥሪያ ቤት ማሽኖችን ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድርና ሶፍትዌርን በ«ፓኬጅ» (በጥቅል) የሚያሰራጭ የማይክሮሶፍት ሥርዓት ነው። የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከሦስት ሳምንት በፊት አገልግሎቱ ያበቃ አንድ ፓኬጅ ከኮንፊገሬሽን ማናጀር ኮንሶል ላይ ሰረዝኩ፤ ይዘቱም ከዲስትሪቢዩሽን ፖይንቶቹ (ባጭሩ ዲፒ፣ ይዘቱን ይዘው ለማሽኖች ከሚያድሉት ሰርቨሮች) ላይ መነሳቱን አይቻለሁ። ይሁን እንጂ 40 ያህል ማሽኖች አሁንም ያንኑ ፓኬጅ ይጠይቃሉ፤ የዌብ ሰርቨሩ ሎግ (የክስተት መዝገብ) በ404፣ ማለትም «አልተገኘም» በሚል መልስ፣ ተሞልቷል። አንድ ታስክ ሲኩዌንስም (ደረጃ በደረጃ የሚሄድ የመጫኛ ሥራዎች ዝርዝር) ያንኑ መለያ ጠቅሶ ሥራውን ሳይጀምር ይቆማል። ፓኬጁን በነበረው ስም መልሼ ብፈጥረው ችግሩ ይወገዳል? ካልሆነስ ከየት ልጀምር?»

አይወገድም። ክላየንቶቹ (በየማሽኑ ላይ ያሉት የሥርዓቱ ወኪል ፕሮግራሞች) ፓኬጁን የሚያውቁት በስሙ ሳይሆን በመለያው ነው። መለያው ሦስት ምልክት ባለው የሳይት (ሥርዓቱ የተከፈለበት አስተዳደራዊ ክፍል) ኮድ ይጀምርና በአምስት የሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት የሚቆጠሩ) ምልክቶች ያበቃል፤ በድምሩ ስምንት ምልክት ነው። ፓኬጁን በድሮው ስምና ከድሮው የይዘት ምንጭ እንደገና ቢፈጥሩት ሰርቨሩ አዲስ መለያ ይሰጠዋል፤ 40ዎቹ ማሽኖች ግን የድሮውን መጥራታቸውን ይቀጥላሉ። እርስዎም ማንም የማይጠይቀው አዲስ ፓኬጅና ማንም የማይመልሰው አሮጌ ጥያቄ ጎን ለጎን ይዘው ይቀራሉ።

ለሁለተኛው ጥያቄ ግን ረዘም ያለ መልስ ያስፈልጋል። ብዙ ባልደረቦች 404 ሲያዩ ቀድመው የሚፈልጉት የጠፋውን ፋይል ነው፤ ፋይሉ ግን የጠፋው እርስዎ ስለሰረዙት ስለሆነ በዚያ በኩል የሚፈለግ ነገር የለም። መፈለግ ያለበት ማሽኑን «ሂድና ይህን አምጣ» ብሎ ያዘዘው አካል ነው። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በስተጀርባ ገና ያልሞተ አንድ ትእዛዝ አለ። ትእዛዙ በክላየንቱ ፖሊሲ (ከሰርቨር በሚወስደው የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ፣ በተንጠለጠለ የማውረድ ሥራ ውስጥ፣ በሰርቨሩ ዳታቤዝ ውስጥ ወይም ጭራሹን ከኮንፊገሬሽን ማናጀር ውጭ በተጻፈ ስክሪፕት ውስጥ ሊሆን ይችላል። የት እንዳለ ሳይታወቅ የሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ግምት ነው።

ትእዛዙ ከይዘቱ በላይ ዕድሜ የሚኖረው ስረዛው በሁለት መንገድ ስለሚጓዝ ነው። ኮንሶሉ ላይ ፓኬጅ ሲሰርዙ ፕሮግራሞቹና ዲፕሎይመንቶቹ (ለየትኞቹ ማሽኖች እንደሚሰራጭ የሚያዝዙት) አብረው ይሰረዛሉ። ከዚያ በኋላ ይዘቱን ከየዲፒው ላይ የሚያነሣው ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ ዲፒው በሥራ ላይ ካለ ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል። የትእዛዙ መሻር ግን ወደ ክላየንቱ አይገፋም፤ ክላየንቱ ራሱ መጥቶ ነው የሚወስደው። በነባሪው ቅንብር እያንዳንዱ ክላየንት ፖሊሲውን ከማኔጅመንት ፖይንት (ለክላየንቶች ትእዛዝና የይዘት አድራሻ ከሚሰጠው ሰርቨር) የሚጠይቀው በየ60 ደቂቃው ነው፤ ማሽኑ ተዘግቶ፣ ከኔትወርክ ርቆ ወይም የፖሊሲ ክፍሉ ታሞ ከሆነ ደግሞ ይህ 60 ደቂቃ ሳምንታት ሊሆን ይችላል። ይዘቱ በደቂቃዎች ይጠፋል፣ ትእዛዙ ግን በየማሽኑ እንደየሁኔታው ይሞታል። የእርስዎ 40 ማሽኖች በዚህ ክፍተት ውስጥ የወደቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ በየትኛው ምክንያት እንደወደቁ ግን ከሎግ ማንበብ አለብን።

ከዚያ በፊት 404 ያዩት በእርግጥ በስረዛው ምክንያት መሆኑን ያጣሩ። የዌብ ሰርቨሩ ሎግ ከዋናው ቁጥር ቀጥሎ ንዑስ ቁጥር ይጽፋል፤ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። ንዑስ ቁጥሩ 0 ከሆነ ነገሩ በቦታው የለም ማለት ነው። 7 ከሆነ ዌብ ሰርቨሩ የፋይሉን ቅጥያ ስለከለከለ ነው፤ 8 ከሆነ በመንገዱ ላይ እንደ «ቢን» ያለ የተከለከለ የአቃፊ ስም ስላለ ነው፤ 11 ከሆነ ደግሞ በፋይሉ ስም ውስጥ እንደ መደመር ምልክት ያለ፣ ሁለት ጊዜ የሚተረጎም ምልክት ስላገኘ ነው። እነዚህ ሦስቱ ፋይሉ በቦታው እያለም የሚሰጡ መልሶች ናቸው። አንድ በሥራ ላይ ያለ ሌላ ፓኬጅ በዚህ ምክንያት እየወደቀ ከሆነ፣ ስረዛው ከሚያመጣው 404 ጋር ተቀላቅሎ ምርመራውን ያሳስታል። መጀመሪያ ሎጉን በተሰረዘው መለያ ብቻ አጣሩት። እግረ መንገዴን፣ የዌብ ሰርቨሩ ሎግ ሰዓቱን በነባሪነት የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን የክላየንቱ ሎግ የሚነበበው ግን በአካባቢው ሰዓት ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ ጎን ለጎን ካነበቡ አንድን ክስተት እንደ ሁለት ይቆጥራሉ።

የተጠየቀው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነም መስመሩ ራሱ ይናገራል። ከዲፒው የፓኬጅ ማውጫ ስም በኋላ የሚመጣው ስምንት ምልክት ያለው መለያ ከሆነ ፓኬጅ ነው። ረጅም የተደባለቀ መለያ ከሆነ ግን ጉዳዩ አፕሊኬሽን ወይም የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው፤ መንገዱም ይለያል። አፕሊኬሽን ዲፕሎይመንት ወይም የታስክ ሲኩዌንስ ጥሪ እያለበት ኮንሶሉ እንዲሰረዝ አይፈቅድም፤ ፓኬጅ ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም፤ ችግሩም በፓኬጅ ላይ የሚበዛው ለዚህ ነው። በሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ደግሞ ክላየንቱ የሚጠይቀው የማሻሻያውን ይዘት እንጂ የተሸከመውን የዲፕሎይመንት ፓኬጅ አይደለም። ስለዚህ ተሸካሚውን ሰርዘው ማሻሻያው ራሱ እንደታወጀ ከተዉት ክላየንቶቹ ይዘቱን ሲፈልጉ ይኖራሉ። በዚያ ጊዜ መፍትሔው ማሻሻያውን በሌላ ተሸካሚ ፓኬጅ አውርዶ ማሰራጨት ነው፤ ያ ይዘት ከየትኛውም ተሸካሚ ቢመጣ ክላየንቱ ይቀበለዋል።

በዚያው መስመር ላይ ጠያቂው ማን እንደሆነ የሚገልጽ መስክ አለ። እውነተኛ ክላየንት ሲጠይቅ በመስኩ ላይ «ኤስኤምኤስ ሲሲኤም 5.0» የሚል ወይም የቢትስን (በዊንዶውስ ውስጥ ፋይሎችን በጀርባ የሚያወርደውን አገልግሎት) ስምና ስሪት የያዘ ጽሑፍ ይገኛል። መጀመሪያም የአቃፊውን ዝርዝር «ፕሮፕፋይንድ» በሚባለው ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ፋይሎቹን ማውረድ የሚጀምረው ዝርዝሩን ካገኘ በኋላ ነው። መስኩ የብራውዘርን ወይም የስክሪፕት ቋንቋን ስም ካሳየ ግን ጠያቂው ክላየንት አይደለም፤ የክላየንት ፖሊሲ ላይ ጊዜዎን አያጥፉ። የአይፒ አድራሻዎቹንም ይመልከቱ። ከመካከላቸው ይዘቱን ከሌላ ዲፒ እየሳበ የሚያመጣ ዲፒ ካለ፣ ጠያቂው የተጠቃሚ ማሽን ሳይሆን የራስዎ ሰርቨር ነው፤ እርሱ የራሱ ሎግ ስላለው ለብቻው ይመርመር።

ይህን ከጨረሱ በኋላ ከ40ዎቹ አንድ ማሽን ይምረጡ። አርባውን በአንድነት ለማከም አይቸኩሉ፤ አንዱን እስከ ሥሩ ያንብቡት። የክላየንቱ ሎጎች ዊንዶውስ በተጫነበት አቃፊ ሥር፣ ሲሲኤም በሚባለው ውስጥ ይገኛሉ። ከነሱም አራቱን ይክፈቱ፦ የይዘት አድራሻ የሚጠየቅበትን የሎኬሽን ሰርቪስስን፣ የካሽ (የወረደ ይዘት ማስቀመጫ) ሥራ የሚጻፍበትን ካስን፣ የኮንቴንት ትራንስፈር ማናጀርን እና የዳታ ትራንስፈር ሰርቪስን። በአራቱም ውስጥ የተሰረዘውን መለያ ይፈልጉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የዲፕሎይመንት መለያም እንዲሁ ስምንት ምልክት ያለውና በሳይት ኮድ የሚጀምር በመሆኑ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የዲፕሎይመንቱን የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ከሳይት ኮዱ ቀጥሎ 2 የሚለው አኃዝ መኖሩ ነው።

ከሎጎቹ የሚያነቡት ከአራት መልኮች አንዱን ይመስላል።

አንደኛው መልክ፣ ክላየንቱ አድራሻ ይጠይቃል፤ ማኔጅመንት ፖይንቱም አድራሻ ይመልሳል። ፓኬጁ ተሰርዞ እያለ ሰርቨሩ «እዚያ ዲፒ ላይ ታገኘዋለህ» እያለ ነው። ጥፋቱ የክላየንቱ አይደለም። መልሱን የሰጠው ማኔጅመንት ፖይንት የሚያነበው ዳታቤዝ ስረዛውን አልሰማም። ይህ በብዛት የሚያጋጥመው የራሱ ዳታቤዝ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ሳይት ወይም በዳታቤዝ ቅጂ በሚሠራ ማኔጅመንት ፖይንት ላይ ነው። 40ዎቹ ማሽኖች በአንድ አካባቢ ያሉና አንድ ማኔጅመንት ፖይንት የሚጋሩ ከሆነ ይህን አስቀድመው ይጠርጥሩ። በኮንሶሉ የክትትል ክፍል የሳይቶቹን የመረጃ ቅብብል ሁኔታ ይመልከቱ፤ የቅብብሉ መስመር የተበላሸ ከሆነ በዚያው የሚገኘውን የመስመር መመርመሪያ ያሂዱ። ቅብብሉ ሲስተካከል ስረዛው ይወርዳል፤ አድራሻ መስጠቱም በራሱ ይቆማል።

ሁለተኛው መልክ፣ አዲስ የአድራሻ ጥያቄ የለም፤ ነገር ግን የዳታ ትራንስፈር ሰርቪስ ሎግ በድሮ አድራሻ ላይ ደጋግሞ ሲሞክር ያሳያል። ይህ ማሽኑ እያወረደ ሳለ የተቋረጠ ሥራ ነው። ላፕቶፑ በማውረድ መሃል ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ከቆየ፣ ሲከፈት ካቆመበት ይቀጥላል፤ አድራሻውን ቀድሞ ስለያዘም ማንንም አይጠይቅም። ቢትስ ያልተንቀሳቀሰ ሥራን በነባሪ ቅንብሩ የሚያነሣው ከ90 ቀን በኋላ በመሆኑ እንዲህ ያለ ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው። በሎጉ ውስጥ የሚያገኙት የስህተት ቁጥር 80190194 ነው። ቁጥሩ የተጻፈው በሄክሳዴሲማል ስለሆነ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች፣ 194ን፣ ወደ ተለመደው ቁጥር ሲቀይሩት 256፣ 144 እና 4 ተደምረው 404 ይሆናል። ክላየንቱና ዌብ ሰርቨሩ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ መሆናቸውን በዚህ ማረጋገጥ ይቻላል። መፍትሔው የማሽኑን የቢትስ ሥራዎች በአስተዳዳሪ መብት ዘርዝሮ፣ «ሲሲኤምዲቲኤስ ጆብ» የሚል ስም ያለውንና አድራሻው የተሰረዘውን መለያ የያዘውን ብቻ መሰረዝ፣ ከዚያም የክላየንቱን አገልግሎት ማስነሳት ነው። ወረፋውን በሙሉ አያጽዱት፤ የዊንዶውስ ማሻሻያና ሌሎች ፕሮግራሞችም በዚያው ወረፋ ያወርዳሉ።

ሦስተኛው መልክ፣ ክላየንቱ አድራሻ ይጠይቃል፣ በካስ ሎግ ውስጥ ግን የተገኙት ዲፒዎች ብዛት 0 ሆኖ ይጻፋል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይኸው ይደገማል። በእኔ ልምድ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ሰርቨሩ በትክክል «የለም» ብሏል፤ ክላየንቱ ግን ትእዛዙ ስላልተሻረ ደግሞ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው የሚደርሰው እስከ ማኔጅመንት ፖይንቱ ብቻ ነው፤ ወደ ዲፒው የሚያደርስ አድራሻ የለውምና። በዲፒው ሎግ ላይ 404 እያዩ የክላየንቱ ሎግ ይህን መልክ ካሳየዎት በእጅዎ ያሉት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንዱን ፈትተው ሌላው እንዳልተፈታ ሲያዩ አይደናገጡ።

የዚህ መልክ ሥር የሚገኘው በፖሊሲው ውስጥ ነው። በማሽኑ ደብሊውኤምአይ (የዊንዶውስ የአስተዳደር መረጃ ክፍል) ውስጥ፣ የማሽኑ ፖሊሲ በሚቀመጥበት ስፍራ፣ የሶፍትዌር ስርጭት ትእዛዞችን የሚይዘውን ክፍል ይክፈቱና የፓኬጅ መለያ መስኩ የተሰረዘውን መለያ የያዘ መዝገብ ካለ ይመልከቱ። ካለ፣ ያ መዝገብ የዲፕሎይመንቱንም መለያ ስለሚይዝ በየትኛው ዲፕሎይመንት እንደታዘዘ በትክክል ያውቃሉ። ቀጥሎ የፖሊሲ ኤጀንት ሎግን ያንብቡ። ክላየንቱ ፖሊሲ በየሰዓቱ ጠይቆ መልስ እያገኘ ነው ወይስ ለሳምንታት ምንም አልመጣለትም? ካልመጣለት ችግሩ የፓኬጁ ሳይሆን የማሽኑ ነው፤ ምናልባት ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበታል፣ ምናልባት ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ምናልባት ደብሊውኤምአይ ተበላሽቷል። ያ ማሽን ከሌላውም አዲስ ትእዛዝ ሁሉ ተቆርጧል ማለት ስለሆነ፣ የተሰረዘው ፓኬጅ ያልታወቀ ሕመም እንዲታወቅ አድርጓል፤ ክላየንቱን ጠግነው ሲጨርሱ ጥያቄውም ይጠፋል።

ፖሊሲ እየመጣለት ይህ አንድ መዝገብ ብቻ ካልተሻረ ግን የማሽኑን ፖሊሲ ከሥሩ ማደስ ያስፈልጋል። በመቆጣጠሪያ ፓነሉ ላይ ያለው የማሽን ፖሊሲ ማምጫ ዑደት የሚያመጣው ከመጨረሻው ጊዜ ወዲህ የተለወጠውን ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ ያመለጠ መሻር በእርሱ ላይመለስ ይችላል። ሙሉ እድሳት የሚደረገው በክላየንቱ የደብሊውኤምአይ ክፍል ውስጥ ፖሊሲ የሚያድሰውን ትእዛዝ 1 የሚለውን ዋጋ ሰጥቶ በመጥራት ነው። ያን ጊዜ ክላየንቱ ያለውን ፖሊሲ ጥሎ ሙሉውን እንደ አዲስ ይቀበላል። «ታዲያ ቀድሞ የተጫኑት ሁሉ እንደገና አይጫኑም ወይ?» የሚል ስጋት ብዙዎችን ከዚህ ያስቀራቸዋል። የፓኬጅ ፕሮግራሞች መቼ እንደሄዱ የሚያሳየው ታሪክ ከፖሊሲው ተለይቶ በሬጅስትሪ (በዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ስለሚቀመጥ ፖሊሲው ሲታደስ ታሪኩ አይጠፋም። ቢሆንም በሁለት ወይም በሦስት ማሽን ሳይሞክሩ በአርባው ላይ አይልቀቁት።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ማሽኖቹ ምናባዊ ዴስክቶፖች ሆነው በተነሱ ቁጥር ወደ አንድ የተቀመጠ ምስል የሚመለሱ ከሆነ፣ የምታድሱት ፖሊሲ በሚቀጥለው መነሳት ይጠፋል። ምስሉ የተወሰደው ፓኬጁ ከመሰረዙ በፊት ከሆነ አሮጌው ትእዛዝ በውስጡ ታትሟል፤ እያንዳንዱ ዴስክቶፕ በተነሳ ቁጥር ፖሊሲ እስኪያመጣ ድረስ የሌለውን ፓኬጅ ይጠይቃል። የጥያቄዎቹ ብዛት የሥራ ሰዓት ሲጀመር ከፍ ብሎ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚወርድ ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ። መታከም ያለበት ምስሉ ነው።

አራተኛው መልክ፣ በክላየንቱ ሎግ ውስጥ መለያው ጭራሽ የለም፤ የዌብ ሰርቨሩ ሎግ ግን ከዚያው ማሽን ጥያቄ እንደመጣ ያሳያል። ይህ የኮንፊገሬሽን ማናጀር ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ወቅት የዲፒውን መንገድ ቀድቶ በማስነሻ ስክሪፕት፣ በጊዜ በተቀጠረ ተግባር ወይም በግሩፕ ፖሊሲ (የማሽኖችን ቅንብር በአንድነት በሚያዝዘው የዊንዶውስ መሣሪያ) ውስጥ አስገብቶታል። ጥያቄው ዘወትር በአንድ ደቂቃ ላይ፣ ወይም ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ብቻ የሚመጣ መሆኑ ይመሰክራል። ፓኬጁ ይዘቱን በጋራ ማውጫ ላይ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ከነበረ ደግሞ ጥሪው በፋይል ማጋሪያ በኩል ሊሄድ ስለሚችል ዌብ ሎጉ ላይ እንኳ አይታይም። የተቀጠሩ ተግባራትንና የግሩፕ ፖሊሲ ስክሪፕቶችን በመለያው መፈለግ ነው መፍትሔው።

አሁን ወደ ታስክ ሲኩዌንሱ ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ይበልጥ አስቸኳዩ እርሱ ይመስለኛል። ፓኬጅ ሲሰረዝ ዲፕሎይመንቶቹ አብረው ቢሄዱም በታስክ ሲኩዌንስ ውስጥ ያለው ጥሪ አይነሳም። ደረጃው እንደነበረ ይቆያል፤ የሚጠራው ነገር ብቻ የለም። ታስክ ሲኩዌንሱ የመጀመሪያውን ደረጃ ከማሄዱ በፊት የሚጠራቸውን ፓኬጆች ሁሉ ለማግኘት ስለሚሞክር፣ አንዱን ሲያጣ መለያውን ጠቅሶ ይቆማል። የእርስዎም «ሳይጀምር ይቆማል» ያሉት ይህ ነው። በአርታኢው ሲከፍቱት የጎደለ ነገር ያለበት ደረጃ በምልክት ተለይቶ ይታያል፤ ደረጃውን ያንሱት ወይም ወደ ተተኪው ፓኬጅ ያዙሩት። ታስክ ሲኩዌንሱ ሌላ ታስክ ሲኩዌንስ በውስጡ የሚጠራ ከሆነ የተጠራውንም ይክፈቱ። በፕሮግራም ቅንብር ውስጥ «ከዚህ በፊት ሌላ ፕሮግራም አሂድ» የሚለው ግንኙነትም እንዲሁ ተደብቆ የሚቀር ጥሪ ነው፤ ሌሎች ፓኬጆች በዚህ በኩል የተሰረዘውን ይጠሩ እንደሆነ ያረጋግጡ።

ማስጠንቀቂያ ልሰጥበት የምፈልገው ግን የጥሪዎች ዝርዝር የማያሳየው አንድ በር ነው። ፓኬጅ የሚጭነው ደረጃ የሚጭናቸውን ፓኬጆች ከተለዋዋጮች ዝርዝር እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። መነሻ ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በዚያ ስም ላይ 001፣ 002፣ 003 እየተባለ በሦስት አኃዝ የተቆጠሩ ተለዋዋጮችን ያነባል፤ የእያንዳንዱ ዋጋ የፓኬጁ መለያ፣ ሁለት ነጥብና የፕሮግራሙ ስም ነው። እነዚህ ተለዋዋጮች የሚቀመጡት በኮሌክሽን (በማሽኖች ስብስብ) ወይም በአንድ ማሽን ንብረት ላይ ስለሆነ በታስክ ሲኩዌንሱ የጥሪዎች ዝርዝር ውስጥ በፍጹም አይታዩም። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት አዳዲስ ማሽኖች በመሃል መንገድ እየወደቁብን፣ የጥሪዎች ዝርዝሩ ንጹሕ ሆኖ አራት ቀን ሙሉ የተሰረዘውን መለያ ስፈልግ ነበር። ታስክ ሲኩዌንሱን ሁለት ጊዜ ከባዶ ሠራሁት፤ ሁለቱም ጊዜ ወደቀ። በመጨረሻ የታስክ ሲኩዌንሱን ሎግ መስመር በመስመር ሳነብ ከመለያው ቀጥሎ ሁለት ነጥብና የፕሮግራሙ ስም ተጣብቆ አየሁ። አጻጻፉ የተለዋዋጭ ዋጋ አጻጻፍ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ወደ ኮሌክሽኑ ንብረቶች ሄጄ በ004 ላይ አገኘሁት። የእርስዎም ታስክ ሲኩዌንስ የተገለጠውን ጥሪ ካነሱ በኋላ በመሃል መውደቅ ከጀመረ መጀመሪያ እዚህ ይመልከቱ። 004ን ብቻ አንስቶ 005ን መተው ግን ሌላ ጥፋት ያመጣል፤ ንባቡ በቁጥሩ ላይ ክፍተት ሲያገኝ ስለሚቆም ከክፍተቱ በኋላ ያሉት ያለ ምንም የስህተት መልእክት ሳይጫኑ ይቀራሉ። የቀሩትን እንደገና በተከታታይ ይቁጠሯቸው።

እንዳያደርጉ የምለምንዎ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው በዲፒው ላይ በአሮጌው መለያ ባዶ አቃፊ ፈጥሮ 404 እንዲጠፋ ማድረግ ነው። ክላየንቱ ያወረደውን ይዘት በሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር) ስለሚያመሳክር የሐሰት ይዘት አይቀበልም፤ ጩኸቱ ከአንድ ሎግ ወደ ሌላ ሎግ ከመዛወሩ በቀር የሚለወጥ ነገር የለም። ሁለተኛው በዳታቤዙ ሠንጠረዦች ላይ በእጅ ገብቶ የፓኬጁን ርዝራዥ ማጥፋት ነው። ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያሉ የስረዛ ትእዛዞች ተጽፈው ይገኛሉ። ዳታቤዙ በሳይቶች መካከል የሚቀባበል በመሆኑ በአንዱ ላይ የተነካ መስመር በሌላው ላይ አለመጣጣም ይፈጥራል፤ ማይክሮሶፍትም ከራሱ የድጋፍ ባለሙያ መመሪያ ውጭ የተደረገን እንዲህ ያለ ለውጥ አይደግፍም። ከዳታቤዙ ማንበብ ግን ምንም ክልክል የለውም፤ መለያው በየትኛው እይታ ውስጥ እንደቀረ በመጠይቅ መፈለግ ብዙ ጊዜ ያሳጥራል።

የሚቀጥለውን ፓኬጅ ሲያሰናብቱ ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል። መጀመሪያ ፕሮግራሙን በተሰራጨባቸው ማሽኖች ላይ እንዳይሄድ ከኮንሶሉ ያግዱት፤ እገዳው ራሱ በፖሊሲ ስለሚወርድ ክላየንቶቹ ይዘቱን መፈለግ ያቆማሉ፤ ከተሳሳቱም በአንድ ምልክት ይመለሳል። ቀጥሎ ዲፕሎይመንቶቹን ያንሱ፤ የታስክ ሲኩዌንስ ጥሪዎችን፣ የኮሌክሽንና የማሽን ተለዋዋጮችን በመለያው ፈልገው ያጽዱ። ከዚያ ይጠብቁ። ሁልጊዜ የተገናኙ ሰርቨሮች ላይ አንድ ቀን በቂ ነው፤ ላፕቶፖች ባሉበት ግን እኔ ከ30 ቀን በታች አልጠብቅም። ከጥበቃው በኋላ ይዘቱን ከዲፒዎቹ ላይ ያንሱ፤ ፓኬጁን ግን ለጥቂት ጊዜ በኮንሶሉ ላይ ይተዉት፤ የቀረ ጠያቂ ካለ የሚጠራው መለያ የማን እንደነበረ በስሙ ማየት ይቻላልና። የመጨረሻው ስረዛ ነው፤ ከስረዛውም በፊት መለያውን፣ ስሙንና የተሰረዘበትን ቀን በሥራ መዝገብዎ ላይ ይጻፉት። መለያ ብቻ የያዘ የስህተት መልእክት ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመጣ ኮንሶሉ ሊነግርዎ የሚችለው ነገር የለም።

ጉዳዩ የዚህ አንድ ሥርዓት ብቻ እንዳይመስልዎ፦ በዴቢያን (በአንድ የሊነክስ ዓይነት) ላይ በተመሠረቱ ማሽኖች ውስጥም ክላየንቱ ያረጀ የፓኬጅ ዝርዝር ይዞ ከማከማቻው የተነሣ ስሪት ሲጠይቅ ያው 404 ይመጣል፤ ዝርዝሩ ሲታደስ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 ከኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች) ማከማቻ ላይ «ለፍት ፓድ» የተባለ 11 መስመር ያህል ኮድ ያለው ፓኬጅ ሲነሳ በብዙ ቦታ ግንባታዎች የቆሙት ጥሪዎቹ በሌሎች ፓኬጆች ውስጥ ስለቀሩ ነበር።

ሥራዎን ሲጨርሱ ውጤቱን በዌብ ሎጉ ላይ ይለኩ። መለኪያው የጥያቄዎቹ ድምር አይሁን፤ አንድ የታመመ ማሽን ብቻውን በቀን በመቶ የሚቆጠር መስመር ሊጽፍ ይችላል። በየቀኑ የተሰረዘውን መለያ የጠየቁ የተለያዩ አይፒዎችን ይቁጠሩ። ትክክለኛውን ሥር ካገኙ ቁጥሩ ከ40 በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ጥቂት ማሽኖች ይወርዳል፤ የሚቀሩት ያልተከፈቱ ላፕቶፖች ናቸው። ቁጥሩ ከወረደ በኋላ በአንድ ልክ ላይ ከቆመ ግን በቀሩት መካከል ሌላ መልክ ያለው ችግር አለ፤ ከነዚያ አንዱን መርጠው አራቱን ሎጎች እንደገና ይክፈቱ። ያን ጊዜ ከመረጡት ማሽን ላይ መለያው የሚገኝባቸውን መስመሮች፣ ከመስመሮቹ በፊትና በኋላ ካሉት አሥር አሥር መስመሮች ጋር ቢያቀርቡልኝ ከየትኛው መልክ እንደሆነ አብረን ለይተን ማየት እንችላለን።